የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደጅ ያለ ደረጃ ምን ይልበስ?

ክረምት በወጣ ቁጥር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ፤ የተላቀቀ ሴራሚክ፣ የሚያዳልጥ ደፍ፣ በበር ስር ሾልኮ የገባ ውሃ። ለዚህ እትም አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሳሎናችን በር ፊት ሁለት መርገጫ ያለው ደረጃ አለን፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ እያንዳንዱ መርገጫ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የተነጠፈው ሴራሚክ ሲረገጥ ባዶ ጣሳ ይመስል ይንኳኳል፣ ጫፉ ተሸራርፏል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና የተቀባ ነው የሚመስለው። አንዱ ባለሙያ ግራናይት፣ ሌላው ፖርሴሊን፣ ጎረቤት ደግሞ እብነበረድ ይላል። የቱን እንያዝ? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አዲሱን ከመምረጥዎ በፊት አሮጌው ለምን እንደተበላሸ ይወቁ፤ አለዚያ ውዱ ግራናይትም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ከሚንኳኩት አንዱን ነቅለው ጀርባውን ይዩት። አራት አምስት ቦታ ላይ ብቻ እንደ ኩበት ጥፍጥፍ የተደረገ የሲሚንቶ ቡኮ ይዞ ሌላው ባዶ ከሆነ ነገሩ ታወቀ። በመጋጠሚያው የሰረገው የዝናብ ውሃ ባዶው ቦታ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። በበጋ ደግሞ ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ ሲፈራረቅበት ሴራሚኩ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ከያዘው ይላቀቃል። ጫፉ የተሸራረፈበት ምክንያት ሌላ ነው። ስስ ሴራሚክ ስሩ ድጋፍ ሳይኖረው ከደረጃው ፊት (ቀጥ ብሎ ከቆመው ጎን) አልፎ ወጥቶ ይሆናል፤ ሰው ሲወርድ ክብደቱን የሚጥለው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ አቅም ካለ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ግራናይት እንመርጣለን፣ ፊቱ ያልተወለወለውን። እንደ መስታወት የሚያበራው ለሳሎን ያምራል፤ ደጅ ላይ ግን ዝናብና ጭቃ ሲነካው ሰው ይጥላል። የባቢሌም ይሁን ከውጭ የገባ፣ ድንጋይ ቤት ሲሄዱ ፊቱ በእሳት የተለበለበ ወይም እንደ ወፍጮ ድንጋይ የተወቀረ መሆኑን ይጠይቁ። የተወለወለውን አስቀድመው ገዝተው ከሆነም አይጣልም፤ ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሦስት መስመሮች በማሽን ይሰንጠቁበት። ከዚያ ይበልጥ ወደ ጫፉ ከቀረቡ ግን ድንጋዩ በመስመሩ ላይ ይሸረፋል። ለደረጃው ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የራሳችን ጥቁር ድንጋይ አለ። በመጋዝ የተቆረጠ ባዛልት ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አያልቅም፣ ቆሻሻም አያሳይም። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው እግር ይይዛል፤ በምላሹ ጭቃ ስለሚቋጥር ብሩሽ ይፈልጋል። የአምቦ ድንጋይ ቀለሙ ቢያምርም ከባዛልት ይለሰልሳል፣ ውሃም ይጠጣል። ቦታው ግድግዳ ላይ እንጂ እግር ስር አይደለም።

ፖርሴሊን ጥሩ ሁለተኛ ምርጫ ነው፣ እውነተኛ ፖርሴሊን ከሆነ። መለኪያው የሚጠጣው ውሃ ነው። ፖርሴሊን የክብደቱን 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይጠጣል፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ሻጩ የሚለውን መስማት ብቻ አይበቃም፤ አንዱን ይግዙና በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፣ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ነክረው አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉና እንደገና ይመዝኑት። 60 በ60 የሆነ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፖርሴሊን 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከ40 ግራም በላይ ከጨመረ ስሙን ነው የገዙት። ለደጅ ካርቶኑ ላይ አር11 (R11) የሚል የአለመንሸራተት ደረጃ ይፈልጉ፤ አር9 (R9) የቤት ውስጥ ነው።

እብነበረዱን ለደረጃው ፊት ያውሉት፣ መርገጫ ላይ ግን አይመከርም። እብነበረድ ኖራማ ድንጋይ ስለሆነ ሎሚ፣ ኮምጣጤና የመጸዳጃ ቤት አሲድ ይበላዋል። በጫማ ስር የሚመጣ አሸዋም በጥቂት ዓመት ውስጥ መሃሉን ያደበዝዘዋል፤ ዳሩ እያበራ መሃሉ የሞተ ደረጃ ደግሞ ያስጠላል።

አነጣጠፉ ላይ ባለሙያውን በእነዚህ ይያዙት። አሮጌው ቡኮ በመሮ እስከ ጤነኛው ኮንክሪት ይነሳ፣ ይጠረግ፣ ይርጠብ። ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ኮንክሪቱም የድንጋዩ ጀርባም እንደ አጥሚት የቀጠነ ሲሚንቶ በብሩሽ ይቀቡ። ከዚያ 1 ሲሚንቶ ለ3 ወይም ለ4 አሸዋ የሆነ ቡኮ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከዳር እስከ ዳር ይነጠፍ፤ ጥፍጥፍ የለም። ከተቻለ አንዱ መርገጫ አንድ ወጥ ድንጋይ ይሁን፣ ውሃ የሚገባው በመጋጠሚያ ነውና። 1 ሜትር ከ20 በ35 የሆነ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ግራናይት 34 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ያነሳዋል።

ፖርሴሊን ከሆነ ደግሞ ተራ ቡኮ በደንብ አይዘውም። ውሃ ስለማይጠጣ ሲሚንቶው ጀርባው ውስጥ ሰርጎ ሊነክሰው አይችልም። ከረጢቱ ላይ ሲ2 (C2) የሚል የሴራሚክ ማጣበቂያ ይግዙ፤ ባለጥርስ ማስፊያ ይዞ ኮንክሪቱ ላይም የሴራሚኩ ጀርባ ላይም ይቀባ። የፊቱ ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለሁለቱ መርገጫና ወደ በሩ የሚወጣውን ጨምሮ ለሦስቱ ፊት በጠቅላላ 1.4 ካሬ ያህል ስለሚሆን፣ በካሬ 6 ኪሎ ቢታሰብ አንድ ከረጢት በቅቶ ይተርፋል። መጀመሪያ የተለጠፈውን አንዱን ወዲያው አንስተው ጀርባውን ይዩት፤ ባዶ ቦታ ካለ ሌላው ከመለጠፉ በፊት ያስተካክል። ባለሙያው ቅር ሊለው ይችላል፣ ይበለው። በመጋጠሚያዎቹ መሃል 5 ሚሊ ሜትር ይተው።

ተዳፋቱን አደራ። 35 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ከበር ወደ ውጭ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ውሃ ልኩ ላይ አረፋዋ መሃል ገብታ ከቆመች ለሰውየው ደስ ይለዋል፤ ለእርስዎ ግን የበሩ ብረት እግር የሚዝግበት ኩሬ ተሠራ ማለት ነው። መርገጫው ከፊቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ በወጣው ጫፍ ስር፣ ከዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቦይ ትቆረጥ። የዝናቡ ጠብታ እዚያች ቦይ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ መጓዙን ትቶ ይወድቃል፤ ያለ እሷ ግን በስሩ ተንሸራቶ የደረጃውን ፊት ያጨቀያል። ደፉ ከበሩ መቃን ጋር የሚገናኝበት 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሲሚንቶ አይደፈን፤ ብረትና ድንጋይ እኩል ስለማይለጠጡ ይሰነጠቃል። ሲሊኮን ይሞላ። ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሲሚንቶ ላይ አይጸናም፣ እብነበረድም ይበላል።

ጥያቄ፦ የድሮው ሴራሚክ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ብቻ አስጠልቶናል። ሳናነሳው ላዩ ላይ ሌላ ብንለጥፍስ? ሦስቱም ደረጃዎች 16 ሳንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመዶሻ እጀታ ይዘው እያንዳንዱን ሲያንኳኩ አንድም ባዶ ድምፅ ከሌለ፣ ፊቱ በማሽን ተፍቆ በሲ2 ማጣበቂያ መለጠፍ ይቻላል። ችግሩ ቁመቱ ላይ ነው። የአዲሱ ንጣፍ ውፍረት ከነማጣበቂያው 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ግቢው ከፍ ስላላለ የመጀመሪያው ደረጃ 18 ይሆናል፤ መሃሉ 16 እንዳለ ይቀራል፤ የቤቱ ወለል ስላልተነካ የመጨረሻው 14 ላይ ይወርዳል። በ3 ሳንቲ ሜትር ድንጋይና ቡኮ ከሆነ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ይለካና ቀሪውን በልማድ ይሄደዋል፣ ስለዚህ ሰው የሚደናቀፈው ሦስተኛው ላይ ነው። የአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ በአንድ ደረጃ ውስጥ ከ9.5 ሚሊ ሜትር የበለጠ የቁመት ልዩነት የማይፈቅደው ለዚህ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነም ስሩ ይታገታል። የእኛ ምክር አሮጌውን ያንሱት ነው።

ጥያቄ፦ ግራናይትና ፖርሴሊን ለኪሳችን ከባድ ነው። ባለ ሦስት መርገጫ፣ 1 ሜትር ከ50 ወርድ ያለው የኮንክሪት ደረጃ በሊሾ ብናስለብሰው ይቆያል? የጎረቤታችን በዓመቱ ዱቄት እያራገፈ ነው። ቀይ ቀለምም እንፈልጋለን። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይቆያል። በደንብ የተሠራ ሊሾ በመጥፎ ከተለጠፈ ፖርሴሊን ይሻላል፤ ጫማም የተሻለ ይይዛል። የጎረቤትዎ ዱቄት ያራገፈው በአብዛኛው በሁለት ጥፋት ነው፦ ሲቦካ ውሃ በዝቶበታል፣ ሲለሰልስም ላዩ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶ በብረት ተወልውሏል። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ደካማ ሲሚንቶና ጭቃ ይዞ ነው የሚወጣው፤ የተነሰነሰው ሲሚንቶ እሱ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፣ ከስሩ ካለው ጋር ግን አይዋሃድም።

መርገጫዎ 30፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን እናስላ። ሦስቱ መርገጫ 4፣ ሦስቱ ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው 68 ሊትር ያህል ቡኮ ይፈልጋል። በ1 ለ3 ልክ 32 ኪሎ ሲሚንቶና 66 ሊትር አሸዋ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 50 ኪሎው አንድ ከረጢት ለቅቡም ለጥገናም ይበቃል። ውሃው 14 ሊትር ገደማ ነው፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ቡኮውን በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት፤ በጣት መሃል ከፈሰሰ ውሃ በዝቷል።

አሸዋውን ሳይፈትሹ አይቀበሉ። በላስቲክ ጠርሙስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ጨምረው ውሃ ይሙሉበት፣ አጥብቀው ያናውጡትና ለሦስት ሰዓት ያስቀምጡት። ጭቃው ከአሸዋው በላይ ተለይቶ ይተኛል። ከ6 ሚሊ ሜትር ከወፈረ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

አሮጌው ኮንክሪት በመሮ ፊቱ ይፈነቃቀል፤ ለስላሳ ላይ የተጣለ ሊሾ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ማታ በውሃ ያርኩት፣ ጠዋት ላዩ ላይ የቆመ ውሃ እንዳይኖር ይጥረጉትና ቀጭኑን ሲሚንቶ ቀብተው ሳይደርቅ ቡኮውን ይጣሉ። ተዳፋቱ ከላይ እንዳልነው ነው። ላዩ ላይ ያበራው ውሃ እስኪጠፋ ይታገሱ፣ ከዚያ በእንጨት ፍራታዞ ያሹት፣ በመጨረሻ በመጥረጊያ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳቡበት። ያ ጭረት ነው ክረምት ላይ እግር የሚይዘው። ጫፉን ሹል አያድርጉት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይክበብ።

ቀዩ ቀለም የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ይሁን፤ ለ32 ኪሎ ሲሚንቶ ከ1.6 ኪሎ አይለፍ። ሲሚንቶው ደረቅ እያለ አብሮ ይደባለቅ፣ ከዚያ ውሃ ይግባበት። ሲበዛ ሊሾውን ያደክመዋል፣ ቀለሙንም ብዙም አያደምቀውም።

ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ጠዋትና ማታ ይርጠብ። ደብረ ብርሃን ላይ ስለሆኑ ወሩን ይምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ያልጠነከረ ሊሾ ውስጥ ያለው ውሃ ከበረደ ቅንጣቶቹን ያለያያቸዋል፣ በኋላም አይድንም። መጋቢትና ሚያዝያ ይመቻሉ፤ ድንገት ቀዝቃዛ ሌሊት ከመጣ ከጆንያው ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ደረቅ ገለባ ያልብሱት።

የወለል ሰም ግን እንዳይነካው። ቤት ውስጥ የሚያምረው ሰም ደጅ ላይ ዝናብ ሲያገኘው የተደገሰ ውድቀት ነው።

ጥያቄ፦ የደጃችን የኮንክሪት ደረጃ በየክረምቱ ፊቱ እየተላጠ ነው። በረዶ ሲጥል ጨው እንበትንበታለን። አረንጓዴ የሣር ምንጣፍ አለበስነው፣ ባሰበት። እንደ አገር ቤት እብነበረድ ብናስደርግስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እብነበረዱን ይተዉት። እናንተ አካባቢ ክረምቱ ደረጃን የሚጎዳው በብርዱ ብቻ አይደለም፤ ቀን ቀልጦ ሌሊት እየረጋ ስለሚመላለስ ነው። ውሃ ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ያንን ቦታ የሚያገኘው ኮንክሪቱን ሰንጥቆ ነው። ጨው ደግሞ የመቅለጡንና የመርጋቱን ዙር ያበዛል፣ ኮንክሪቱም ብዙ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። ምንጣፉ ያባሰው እርጥበቱን አምቆ ስለያዘ ነው። ዛሬውኑ ያንሱት፣ ሙጫውንም ይፋቁ።

ደረጃውን በመዶሻ ያንኳኩት። የተላጠው ላዩ ብቻ ሆኖ ውስጡ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ማልበስ ይቻላል። ስንጥቁ እስከ ታች ከዘለቀ ወይም ደረጃው ከቤቱ ተለይቶ ካዘነበለ ምንም ያልብሱት ምን ገንዘብዎን ይዞ ይሄዳል፤ ፈርሶ ይሠራ። አዲስ ኮንክሪት ሲያዙ ከ5 እስከ 7 በመቶ ጥቃቅን የአየር አረፋ የገባበት እንዲሆን ይንገሩ፤ ውሃው ሲረጋ የሚሸሽበት ቦታ እነዚያ አረፋዎች ናቸው። አዲሱ የመጀመሪያውን ክረምት ጨው አይንካው።

ለልባሱ እዚያ በቀላሉ የሚገኘው የፔንሲልቬንያ ብሉስቶን ነው፤ በእሳት የተለበለበውን ፊት ይምረጡ። ግራናይትም ይሆናል። ፖርሴሊን ከፈለጉ በረዶ እንደሚችል የተጻፈበት፣ ማጣበቂያውም ሲ2 ኤስ1 (C2 S1) የተባለው የሚተጣጠፈው ዓይነት ይሁን፤ ከስሩ ቢያንስ 95 በመቶው መያዝ አለበት፣ የቀረችው ባዶ ቦታ ውሃ ይዛ ትረጋለችና። ለበረዶው አካፋና አሸዋ ያስቀድሙ። የግድ ከሆነ ካልሲየም ማግኒዥየም አሲቴት ከተራው ጨው ለኮንክሪት ይራራል። ከረጢቱ ላይ አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት የሚል ካለ አይግዙት፤ እሱ ኮንክሪቱን ራሱን ያጠቃዋል።

ጥያቄ፦ እናታችን 80 ዓመት አልፏቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። የደጃችን ግራናይት ጥቁር ነው፣ ጫፉ አይታያቸውም። ሳንቀይረው ምን እናድርግ? ቀለም ብንቀባው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀለም አይሆንም፤ ግራናይት ላይ አይጸናም፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል። የሚለጠፈው ሸካራ ጥቅልልም የባሕር ዳር ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ጠርዙ ይነሳና የከዘራውን ጫፍ ይይዛል። በአልሙኒየም ውስጥ የተገጠመ ሸካራ ንጣፍ፣ ቢጫ ወይም ነጭ፣ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በእያንዳንዱ መርገጫ ጫፍ ላይ በብሎን ይታሰር። የድንጋይ መሰርሰሪያው ያለ ምት ይዙር፣ መዶሻው ከበራ ግራናይቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዳዳው ከዳሩ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይቅረብ፤ ውሃ እንዳይገባበትም ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ሲሊኮን ይጨመርበት። ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደገፊያ ብረት ከዘራው በማይያዝበት በኩል ያስተክሉ፤ ደፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ምንጣፍ ደግሞ ይህን አንብበው ሲጨርሱ ያንሷት።